የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በድሬዳዋ፦ ከሰፈር ሆኖ የተሰጠ ምዘና

ስለ ድሬዳዋ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ባንኮች አስተያየት የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። እጅግ ብዙ የከተማችን ቤተሰቦች ለዓመታት ኑሯቸውን የደገፉበት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦችን በሥራ ደመወዝ ወይም በቀጥታ ድጋፍ የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ግን በሪፖርት ሲወደስ ወይም በሰው ወሬ ሲነቀፍ ይሰማል እንጂ፣ ተጠቃሚው ምን አገኘበት፣ ምንስ ጎደለበት ተብሎ እንደ አንድ አገልግሎት በእርጋታ ሲመዘን እምብዛም አይታይም። ድሆች የሚገለገሉበት ነገር ጥራቱ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የሚገለገልበት አገልግሎት ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዘን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የፕሮግራሙ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ተጠቃሚም ሆኜ አላውቅም። ከደቻቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የወርሃዊ መዋጮው መዝገብ በእጄ በመሆኑ ማን በወቅቱ እንደሚከፍል፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ ማን ለወራት ጠፍቶ እንደሚመለስ በየወሩ አያለሁ። ይህ መዝገብ ስለ ድህነት ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ድሃ የሚባለው ቤተሰብ ዘወትር የማይከፍል ቤተሰብ አለመሆኑን ነው። አብዛኛው ለተወሰኑ ወራት ይከፍላል፣ ከዚያ ያቋርጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ውዝፉን ለመክፈል ይመጣል፣ እንደገናም ያቋርጣል። ሳያጓድል ይከፍል የነበረው ጫኝና አውራጅ ወገቡን ሲታመም፣ ጉልት ቸርቻሪዋ አትክልቷ በሙቀት ሲበላሽባት ወይም ልጇ ሆስፒታል ሲተኛባት ውዝፉ ይጀምራል። ስለዚህ ሴፍቲኔቱን ስመዝን በዋናነት የምጠይቀው ስንት ብር እንደሰጠ ሳይሆን፣ ሰው ከወር ወር ሊተማመንበት የሚችል ነገር ሰጥቷል ወይ የሚለውን ነው።

የመንግሥት መለኪያ ድህነትን በፍጆታ ይለካል። በ2008 ዓ.ም. የተሰላው የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን ሲከፋፈል 20 ብር አይሞላም። ስሌቱ የሚነሳው ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ሊያገኝበት ከሚችለው ምግብ ሲሆን፣ ምግብ ላልሆኑ መሠረታዊ ነገሮችም የተወሰነ ወጪ ይታከልበታል። በዚያ መለኪያ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው የሀገሪቱ የድህነት ምጣኔ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። በዚያው ዓመት በድሬዳዋ 15.4 በመቶ፣ በጎረቤታችን በሐረሪ ደግሞ 7.1 በመቶ ነበር። ይህ ለውጥ እውነተኛ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የተገኘውን ማቃለል ለድካሙ ክብር መንፈግ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚያሳየው ሰው በጥናቱ ወቅት የት እንደነበር እንጂ፣ ከነበረበት ለመውደቅ ምን ያህል እንደቀረበ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለበት ጊዜ፣ ማታ ቤትና ሱቅ ኖሯቸው የተኙ ሰዎች ነግቶ ሲነሱ በቁማቸው ከለበሱት በቀር የቀረላቸው ነገር አልነበረም። ከወለሉ በላይ ያለውና ከወለሉ በታች ያለው ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ቦታ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ ይህች ከተማ ከብዙዎቹ የበለጠ ታውቃለች።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ያቀፈው አሥራ አንድ ከተሞችን ነበር፤ ከእነዚህም ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመሳሳይ ፕሮግራም የነበረ ሲሆን፣ በእኛም አስተዳደር ሥር ያሉ የገጠር ቀበሌዎች በእርሱ ታቅፈው ቆይተዋል። የከተማው ድሃ ግን እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ቋሚ ድጋፍ አልነበረውም። ለመጀመሪያው ምዕራፍ የተመደበው 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ የተገኘ ብድር፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ነበር። ግቡም 604,000 ሰዎችን መድረስ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ የሚሆኑት በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ደመወዝ የሚያገኙ ሲሆን፣ 16 በመቶዎቹ ደግሞ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉና ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጣቸው ናቸው።

ይህን ክፍፍል ሳልጠራጠር አደንቀዋለሁ። ሁሉንም ሥራ ላይ ማሰማራት የሚፈልግ ፕሮግራም በሽተኛውን ይተዋል፤ ለሁሉም ያለ ሥራ የሚሰጥ ደግሞ በእኛ ኅብረተሰብ ዘንድ ተቀባይነቱን ቶሎ ያጣል። እዚህ ሁለቱም ተለይተው ታስበዋል። ቤታቸው ተኝተው የሚኖሩ አንዲት እናት ገንዘቡ በስማቸው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ መግባት ከጀመረ ወዲህ፣ ባለሱቁ «እትዬ፣ ዱቤ የፈለጉትን ያህል ይውሰዱ» ማለት እንደጀመረ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነበር፤ የባለሱቁን ፊት የለወጠው በየወሩ የሚመጣ መሆኑ ነው።

የተጠቃሚዎች ምርጫ በሁለት መንገድ የሚካሄድ ነው። በመጀመሪያ የሰፈር ኮሚቴ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ ይለያል፤ ቀጥሎ ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ በሚሰበሰብ መረጃ፣ ማለትም በቤቱ ዓይነት፣ በዕቃው፣ በአባላቱ ብዛትና በመሳሰሉት፣ ውጤት ይሰላል። የሰፈር ሰው የሚያውቀውን ፎርም አያውቀውም፤ ፎርሙ ደግሞ የሰፈር ሰው በዝምድናና በይሉኝታ የሚሸፍነውን ሊገልጥ ይችላል። ሁለቱን ማጣመሩ ተገቢ ነው። ድክመቱ የሚታየው በተንቀሳቃሽ ነዋሪው ላይ ነው። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡር ሐዲድ ዙሪያ የተቆረቆረች፣ ከሐረርጌ ደጋና ከሶማሌ ቆላ በየጊዜው ሰው የሚፈስባት ከተማ ናት። በቀን ወይም በሳምንት ኪራይ የሚኖር፣ የነዋሪነት መታወቂያ ያላወጣ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚዘዋወር የቀን ሠራተኛ በሰፈር ኮሚቴ ፊት ምስክር የለውም። ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ፕሮግራሙ የተለየ ክፍል ያለው ቢሆንም፣ በጎዳናና በቋሚ ቤት መካከል ያለው ይህ ሰፊ ወገን በቀላሉ ይንሸራተታል። እድሮችና አፎሻዎች፣ ማለትም እንደ እድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት፣ በምርጫው ላይ በምስክርነት ቢቀመጡ ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞሉ ይችሉ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ባይታወቅም በሰፈሩ ቀብር ላይ የሚቆም፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ማን እንደሆነ እነርሱ ያውቃሉና።

ሥራውን በተመለከተ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ገና ሳይሞቅ መንገድ የሚጠርጉትን፣ ቦይ የሚያጸዱትን፣ ችግኝ የሚያጠጡትን እናቶች ያላየ የድሬዳዋ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ይህን ሥራ «ለይስሙላ የተፈጠረ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ከደንገጎ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ከተማችን ከመድረሱ በፊት ብዙ ደለልና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ቦዩ ተደፍኖ ከቆየ ውኃው መንገድ ለቆ ወደ ቤት ይገባል። ቦይ መጥረግ በድሬዳዋ ለመልክ ሲባል የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ያንኑ ድሃ የሚያደርገንን አደጋ የሚቀንስ ሥራ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ጥላ የሌለበት ቦታ ላይ የሚሠሩ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን የሚያስቀምጡበት ማቆያ ያስፈልጋቸዋል፤ ጡት የምታጠባ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ አቧራ ስትጠርግ መዋል የለባትም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በገንዘብ የሚያነሳውን ሕፃን በአቧራ እንዲጎዳ መተው አይገባውም።

ክፍያው ላይ ስንደርስ ምዘናዬ ይከፋፈላል። አሠራሩ በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል 60 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ የሚቆጠሩት ግን ቢበዛ አራት አባላት ናቸው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 240 ቀን ያገኛል። በሁለተኛው ዓመት ለአንድ አባል 40፣ በሦስተኛው 20 ቀን ብቻ ይሆናል። ሰባትና ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ ቤተሰቦች በብዛት ባሉበት ከተማ አራት ላይ ማቆሙ በትልልቆቹ ቤተሰቦች ላይ ይከብዳል፤ እነዚህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የተቸገሩት ናቸው። የቀን ደመወዙ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ100 ብር በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀገሪቱ የገባችበትን የዋጋ ንረት ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት ሁሉ ተነክቷል። ድሬዳዋ እህል የማታመርት፣ የምትበላውን ሁሉ ከውጭና ከደጋው የምትሸምት ከተማ በመሆኗ የዋጋ ለውጥ በእኛ ላይ ይፈጥናል። ደመወዙ በየዓመቱ ከገበያ ዋጋ ጋር እየተገናዘበ በራሱ የሚስተካከልበት ቋሚ ደንብ ከሌለው፣ በወረቀት ላይ ያልተቀነሰ ክፍያ በድስት ውስጥ ይቀንሳል።

ይህም ሆኖ የክፍያው ጥቅም ተቀባዩ እጅ ላይ ብቻ እንደማይቀር ማወቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ የትኛው ወረዳ ቀድሞ እንደሚጀምር በዕጣ የተወሰነ በመሆኑ ተመራማሪዎች የጀመሩትንና ያልጀመሩትን ሰፈሮች ማነጻጸር ችለዋል። ያገኙትም፣ የአካባቢ ልማት ሥራው ጉልበት ከገበያው ስለወሰደ የግል ቀጣሪዎችም ለቀን ሠራተኛ የሚከፍሉት ደመወዝ ከፍ ማለቱን ነው። ይህን ውጤት ከሁሉ የበለጠ እመዝነዋለሁ። በሴፍቲኔቱ ያልታቀፈች ልብስ አጣቢ ወይም እንጀራ ጋጋሪ፣ ጎረቤቷ ሌላ አማራጭ በማግኘቷ ብቻ ለጉልበቷ የተሻለ ዋጋ መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። ድህነት የሚቀንሰው አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ድሃ «አይሆንም» ማለት የሚችልበት ጉልበት ሲያገኝ።

ከደመወዙ 20 በመቶው በግዴታ ይቆጠባል። ከ100 ብር ላይ 80 ብር ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ቢያሰማ አይፈረድበትም፤ ያ 20 ብር የአንድ ቀን ዳቦ ነው። ይሁን እንጂ በስሟ የባንክ ደብተር ኖሯት የማታውቅ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም አበዳሪዋ የማይነካው ገንዘብ እንዲኖራት ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቁብ በሰፈራችን ጠንካራ ባህል ነው፤ ነገር ግን ዕቁብ የሚገባው አስቀድሞ ገቢ ያለው ነው። ቁጠባው እነዚህን ሴቶች ወደ ዕቁቡ ደጃፍ አድርሷቸዋል። እኔ በሰፈሬ እንዳየሁት፣ ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላም የእድር መዋጯቸውን ሳያቋርጡ የቀጠሉት በአብዛኛው ቁጠባቸውን ሳይነኩ የቆዩት ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ ነው። ቤተሰቡ ሥልጠና ወስዶ የሥራ ዕቅድ ካቀረበ በኋላ በመጀመሪያው ምዕራፍ 500 ዶላር የሚመጣጠን ብር መነሻ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። የዚህ ሐሳብ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ለድሃ ድሃ ቤተሰቦች ላም ወይም ሌላ ሀብት፣ የዕለት መደጎሚያ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና በየጊዜው የሚጎበኝ አማካሪ አንድ ላይ መስጠት ጀመረ። ይኸው አሠራር ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት ሀገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ፣ ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ ከቀድሞው ተሽሎ ተገኝቷል። በሆንዱራስ ግን ብዙ ቤተሰቦች የተሰጣቸው ዶሮ በበሽታ በማለቁ ውጤቱ ደክሟል። ይህ ለእኛ ከተማ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዶሮ ሲያረቡ፣ ወይም ሁሉም በአንድ መንገድ ዳር ሻይና ሳምቡሳ ሲሸጡ፣ አንድ በሽታ ወይም አንድ የመንገድ ማስፋፊያ ሁሉንም ይወስዳቸዋል። ቀድሞ የባቡሩ ጣቢያ በሕይወት በነበረበት ዘመን ለገሃር አካባቢ ለመንገደኛ በመሸጥ የኖሩ ቤተሰቦች ባቡሩ ሲቆም ምን እንደገጠማቸው የምናስታውስ ብዙዎች ነን፤ አዲሱ ባቡር መጥቶም ጣቢያው ከመሀል ከተማው ርቋል። ሥልጠናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሙያ ከማስያዝ ይልቅ በድሬዳዋ ገበያ ምን እንደጎደለ የሚያሳይ፣ ሥራውም ከተጀመረ በኋላ በየወሩ የሚጎበኝ ባለሙያ ያለው ቢሆን ኖሮ ይህን ክፍል ያለ ማመንታት እጅግ መልካም እለው ነበር። አሁን ባለበት ግን ገንዘቡን ከምክሩ አብልጦ የያዘ ነው።

ዋናው ነቀፌታዬ መውጫው ላይ ነው። ቤተሰቡ ከሦስት ዓመት በኋላ «ተመርቋል» ተብሎ ይወጣል። ሦስት ዓመት ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው አይበቃም። ሁለት የደረሱ ልጆች ያሏት እናትና ሦስት ሕፃናት ብቻዋን የምታሳድግ ባልቴት በአንድ ቀን ቢመረቁ ሁለተኛዋ የምትመለሰው ወደ ነበረችበት ነው። መስፈርቱ የቤተሰቡ ሁኔታ እንጂ የቀን መቁጠሪያው መሆን አልነበረበትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከወጡ በኋላ የሚታመሙ፣ ቤታቸው በጎርፍ የሚወሰድ ወይም ሥራቸው የሚቋረጥ ሰዎች የሚመለሱበት በር ጠባብ መሆኑ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀን በመብትነት አረጋግጣ ነበር፤ ሠርቶ መከፈል የሚፈልግ ሰው ራሱ ያመለክት ነበር፣ ፕሮጀክት እስኪመጣለት አይጠብቅም ነበር። የእኛ አቅም ከዚያ ጋር እንደማይመጣጠን አውቃለሁ፤ ሆኖም በመብትና በፕሮጀክት መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። ፕሮጀክት ሲያልቅ ያልቃል። ድሃው ደግሞ ዕቅዱን የሚያወጣው ነገ ምን እንደሚኖር ሲያውቅ ብቻ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች መስፋቱና ለወጣቶች በድርጅቶች ውስጥ የሥራ ልምምድ መጨመሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመራቂዎች ክፉ ቀን ሲገጥማቸው የሚመለሱበት ግልጽ ሥርዓት ግን ከመስፋፋቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በጥቅሉ አገልግሎቱን ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የቀጥታ ድጋፉና ቁጠባው ከአራት በላይ ይገባቸዋል፤ መውጫው ከሁለት አይበልጥም።

ብቁ የሆነ ጎረቤት ቢጠይቀኝ ያለ ጥርጥር እንዲመዘገብ እመክረዋለሁ። መታወቂያውን ከማሳደስ ይጀምር፤ የቤተሰቡን አባላት ሁሉ፣ ሕፃናቱንም ጭምር፣ በቅጹ ላይ በትክክል ያስመዝግብ፤ ኮሚቴው ስም ዝርዝሩን ለሕዝብ ሲለጥፍ ሄዶ ይመልከት፣ ስሙ ከሌለም ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ያመልክት። መነሻ ገንዘቡ ሲደርሰው ሙሉውን በአንድ ዕቃ ላይ አያውለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገቢ ባለበት ጊዜ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ይሁን። ይህ መድኅን በሀገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ይታከምበታል፤ መክፈል የማይችሉ ተብለው ለተለዩ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። በእኔ ሰፈር ከሴፍቲኔት ወጥተው ወደ ውዝፍ የተመለሱትን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ ከሌላው ሁሉ በበለጠ የሚነሳው ምክንያት የሕክምና ወጪ ነው። ምዝገባውና እድሳቱ የሚከናወነው በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ሰው ሲታመም ሄዶ ልመዝገብ ቢል አይቻልም። የሴፍቲኔት ተመራቂዎች ስም ዝርዝር ከመውጫው ቀን አስቀድሞ ለጤና መድኅኑ ቢተላለፍና የመጀመሪያው ዓመት መዋጯቸው ከተቆጠበው ገንዘብ ላይ በፈቃዳቸው ቢከፈልላቸው፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ቤተሰቦችን ከመመለስ ያድናል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን እያንዳንዱ ተመራቂ የሚኖርበት ቀበሌ ምዝገባውን በየትኛው ወር እንደሚከፍት አስቀድሞ ጠይቆ ይወቅ።